በሁለት ዓምድ የታተመች የኪስ የጸሎት መጽሐፍ፦ ከአራት ወር ንባብ በኋላ

ባለፈው ጥር መጨረሻ ላይ፣ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ ከምትገኝ አነስተኛ የንዋያተ ቅድሳት መሸጫ አንዲት የኪስ የጸሎት መጽሐፍ ገዛሁ። ቤቴ ውስጥ የጸሎት መጽሐፍ ጠፍቶ አልነበረም፤ ሦስት አሉ፤ አንደኛው እንዲያውም ከአባቴ የወረስኩት ነው። እጄን የሳበው የዚህችኛዋ አሠራር ነበር። እያንዳንዱ ገጽ በሁለት ዓምድ ተከፍሎ በግራ ግእዙ፣ በቀኝ አማርኛው፣ ሐረግ ከሐረግ ጋር ትይዩ ሆኖ ታትሟል። ዋጋዋም ከዚራ ሰፈር ተቀምጦ ሁለት ማኪያቶ ከመጠጣት ብዙም አይበልጥም። መሸጫዋ እንደ ብዙዎቹ የድሬ ሱቆች በቀትሩ ሙቀት ተዘግታ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስለምትከፈት፣ ከሌላ ከተማ የሚመጣ ሰው በሰባት ሰዓት ሄዶ በር ላይ እንዳይቆም ከወዲሁ ላሳስብ።

ሻጩ ወጣት ዲያቆን ነው፤ ሐቀኛም ነው። መጽሐፏን ሳገላብጥ አይቶ «ጋሼ፣ የዚችኛዋ ፊደል ደቃቅ ስለሆነ ለዓይንዎ ይከብዳል፤ ትልቁን ቢወስዱ ይሻላል» አለኝ። ትልቁ ግን ግእዝ ብቻ ነበርና አልሰማሁትም። ስለ ፊደሉ የተናገረው እውነት መሆኑን ማታ መብራት የጠፋ ዕለት በሻማ ላነብ ስሞክር አረጋገጥኩ።

ይዘቷን በተመለከተ አዲስ ነገር የለም። በስመ አብ ብላ ትጀምራለች፤ የዘወትር ጸሎትን፣ በ325 ዓ.ም. በኒቅያ ከተሰበሰቡት 318ቱ አባቶች የወረስነውን ጸሎተ ሃይማኖት፣ አቡነ ዘበሰማያትን፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን፣ ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለውን ውዳሴ ማርያም ይዛለች። መልክአ ማርያምና መልክአ ኢየሱስ የሉባትም፤ እነርሱን የለመደ ሰው ሌላ መጽሐፍ መያዝ ይኖርበታል። እኔም ብሆን ከመጽሐፏ ውስጥ በትክክል የተጠቀምኩባት አንዲት ገጽ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ እርሷም አቡነ ዘበሰማያት የታተመባት ገጽ ናት።

አቡነ ዘበሰማያትን ያልያዘ የኦርቶዶክስ ልጅ የለም። የኔታ ዘንድ ፊደል ሳንለይ በቃል ያዝነው፤ ማዕድ ሲነሣ፣ ማኅበር ሲበተን፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ በቁልቢ መንገድ አውቶቡስ ሲነሣ ደገምነው። እኔ በሰዓት ለክቼ አይቻለሁ፦ በለመድኩት ፍጥነት ከጀመርኩት እስከ አሜን ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ይህን ጸሎት ከማስተማሩ ጥቂት ቀደም ብሎ በከንቱ አትድገሙ ማለቱን እያወቅሁ፣ እርሱ ያስተማረውን ጸሎት ራሱን በከንቱ ስደግመው ኖሬያለሁ። ሁለቱ ዓምዶች የሠሩልኝ ሥራ ፍጥነቴን መስበራቸው ነው። ዓይን ወደ ግራ ሄዶ፣ ወደ ቀኝ ተሻግሮ፣ ተመልሶ ወደ ግራ እስኪመጣ ድረስ አፍ መቆም ግድ ይሆንበታል፤ በዚያች ቆይታ ውስጥ ነው ቃሉ መሰማት የሚጀምረው።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» የሚለውን ሐረግ ልጅ ሳለሁ በአማርኛ ጆሮ ስለምሰማው፣ «ዘለለ» ማለት ገመድ እንደምንዘለው ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ሲሳያችን ከዕለት ወደ ዕለት እየዘለለ እንዲመጣ የምንለምን አድርጌ እረዳው ነበር። ካደግሁ በኋላ ትርጉሙን ባውቅም ሥዕሉ ከአእምሮዬ አልጠፋም። በዚህች ገጽ ላይ ግን ከ«ዘለለ ዕለትነ» አንጻር «የዕለት»፣ ከ«ዮም» አንጻር «ዛሬ» ተቀምጦ ሳየው፣ ልመናው የአንድ ቀን ብቻ መሆኑ ያን ዕለት ገባኝ። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝና የሦስት ወርና የዓመት ዕቅድ ማውጣት እንጀራዬ ነው፤ «ዛሬ» ላይ ቆሞ መጸለይ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ቀላል አይደለም።

ከዚህም የባሰ ያስቸገረኝ የይቅርታው ሐረግ ነው። አማርኛው «በደላችንን ይቅር በለን» ሲል ግእዙ «ኅድግ ለነ አበሳነ ወጌጋየነ» ይላል። አማርኛው በአንድ ቃል ጠቅልሎ «በደል» ያለውን ግእዙ አበሳና ጌጋይ (በደልና ስሕተት) ብሎ ለሁለት ከፍሎታል። «ኅድግ» ደግሞ ከይቅር ባይነት በፊት መተውን፣ መልቀቅን የሚያመለክት ቃል ነው። «ይቅር ብዬዋለሁ» ማለት ለአፍ ይቀላል፤ «ትቼዋለሁ» ሲባል ግን መዝገብ ላይ ያለ ዕዳ እንደመሰረዝ ያለ ነገር ነው። ከአንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ጋር በብድር ገንዘብ ምክንያት ከተኳረፍን ሁለት ዓመት አልፎናል፤ ይቅር ማለቴን ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ አለመተዌን ግን ይህቺ ገጽ ነገረችኝ። ከጸሎቱ ቀጥሎ ባሉት ቁጥር 14 እና 15 ጌታ ከጸሎቱ ሁሉ ይህንኑ ሐረግ ለይቶ ደግሞ ማብራራቱንም ልብ ያልኩት ያኔ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ እዚያ ሐረግ ላይ ስደርስ ድምፄ ይቀንሳል።

መጽሐፏ ከጸሎቱ ግርጌ ሐረግ በሐረግ አጫጭር ማስታወሻዎችን ጨምራለች። ስለ ዕለት እንጀራ የተጻፈው ማስታወሻ ጥሩ ነው፤ የሥጋን ምግብ ሳይንቅ ሥጋ ወደሙንም ያነሣል፤ በአንድምታ ወግ ያደገ ሰው ጣዕሙን ያውቀዋል። ስለ ፈተና የተጻፈው ግን ስብከት ሆኖ ገጹን አጣቦታል፤ ያ ቦታ ለፊደል መጠን ቢውል ይሻል ነበር።

ከጉድለቶቿ ሁሉ የሚከብደኝ የሚጠብቀውና የሚላላው ፊደል ምልክት ያልተደረገበት መሆኑ ነው። ግእዝን ከልጅነት ያልተማረ አንባቢ ያለ ምልክት በትክክል ማንበብ አይችልም። ጎረቤቴ የሆኑትን አረጋዊ መሪጌታ «የኔታ፣ እባክዎ ምልክት ያድርጉልኝ» ብዬ መጽሐፏን ብሰጣቸው፣ በእርሳስ ከሚጠብቁት ፊደላት በላይ ነጥብ አኖሩልኝ፤ «‹ይትቀደስ› ላይ ደን ጠበቅ አድርጋት፣ ልጄ፤ እንደ ሯጭ አትለፋት» አሉኝ። እርሳቸው ናቸው ሌላውንም ስሕተት ያሳዩኝ፦ «ኅድግ» በአንድ ቦታ በብዙኃኑ ኅ፣ በሌላ ቦታ በሃሌታው ህ ታትሟል። ድምፁ በእኛ አፍ አንድ ቢሆንም መዝገበ ቃላት ከፍቶ ሥሩን ለሚፈልግ አንባቢ መንገድ ያስታል፤ በዚህ መጠን ላለች መጽሐፍ አንድ አራሚ መቅጠር ከአሳታሚው አቅም በላይ ነው ብዬ አላምንም።

አጠቃቀሜን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ላይ ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት በሙሉ በመጽሐፏ ልይዝ አስቤ በሳምንቱ ተሸነፍኩ። መንፈቀ ሌሊትና የጠዋት ሦስት ሰዓቱ ሠለስት ከሥራና ከእንቅልፍ ጋር አልገጠሙልኝም። የጸኑልኝ የማለዳው ነግህና የዘጠኝ ሰዓቱ ተሰዓት ናቸው። ተሰዓትን የረዳኝ የድሬ ጠባይ ራሱ ነው፤ ከተማው ከቀትር ዕረፍት ነቅቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን ሲከፍት፣ ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሩ እስኪነሣ አንዲቷን ገጽ አነባለሁ። ነግህን በረንዳ ላይ አደርሳለሁ፤ አዛኑ ቀድሞ ይሰማል፣ ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ይከተላል፣ ፀሐይዋ ሳትከር ደግሞ ዐሥር ደቂቃ ያህል ለእኔ ትተርፈኛለች። ግማሽ ደቂቃ የነበረው ጸሎት አሁን እነዚያን ዐሥር ደቂቃዎች ይሞላል፤ አንዳንድ ቀን ከ«ትምጻእ መንግሥትከ» ሳላልፍ ሰዓቱ ይደርሳል።

የጥራዟን ነገር ሳልናገር ብቀር ገዢን ማታለል ይሆንብኛል። ገጾቹ በሙጫ ብቻ የተያያዙ ናቸው፤ ሙጫው ደግሞ የደጋ ሙጫ ነው። ሚያዝያ ላይ መጽሐፏን መኪና ውስጥ ረስቻት ከሰዓት በኋላ ስመለስ ጀርባዋ ለስልሶ ገጾቿ በእጄ ላይ ተበተኑ። ወደ መሸጫዋ ብመልሳት ዲያቆኑ አዝኖ ሌላ ሊቀይርልኝ ተነሣ፤ የየኔታ ነጥቦች ያሉባትን ትቼ አዲስ መውሰድ ግን አልሆነልኝም። ቀፊራ ገበያ ይዤያት ሄጄ ለአንድ ጫማ ሰፊ ሰጠሁት። ሰውዬው ሙስሊም ነው፤ «የጸሎት ናት?» ብሎ ጠየቀኝና አዎ ስለው ተነሥቶ ከጀሪካን ውኃ ቀድቶ እጁን ታጥቦ ተመለሰ፤ ከዚያ ሰም በተቀባ ክር፣ በወስፌ፣ ጠርዟን ይዞ ሰፋት።

ገዢ ሆኖ ይህን ለሚያነብ ሰው ምክሬ፣ ፊደሏን የሚችል ዓይን ካለው ይግዛት፣ ሙጫዋ ሳይለቅ አስቀድሞ ያሰፋት የሚል ነው። ሲያሰፋ ግን ክሩ ወደ ውስጥ እንዳይገባ አጠገቡ ቆሞ ይመልከት። የእኔዋ ላይ ስፌቱ የግእዙን ዓምድ የግራ ጠርዝ በልቶታል። አማርኛው «አድነን» ብሎ በአንድ ቃል ያለፈውን ግእዙ «አድኅነነ ወባልሐነ» ብሎ ሁለት ጊዜ ይለምናል፤ ሁለተኛው ቃል በመሥመር መጀመሪያ ላይ በመዋሉ «ወ» ክሩ ሥር ገብታ አሁን «ባልሐነ» ብቻ ይነበባል። «ወ»ን በቃሌ እጨምራታለሁ።