የራሴን ባሌስትራ ቀለም ቀብተው መልሰው ለእኔው ሸጡት

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ነገሩን ካወቅሁት ዛሬ ገና ሦስተኛ ቀኔ ነው። አሮጌ ሃይሉክስ ወይም ሃርድቶፕ ኖሯችሁ፣ ክረምቱ ሳይገባ ከመሬት ከፍ ላስደርጋት ብላችሁ ደብረ ብርሃን ላይ ጋራዥ የምታጠያይቁ ካላችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

የጋራዡን ስም አልጽፍም፤ ገንዘቤን ለማስመለስ ገና እየተሯሯጥኩ ነው። ሰውየውን ግን ታውቁታላችሁ። በር ላይ ቆሞ "ወንድሜ ግባ፣ ግባ" ይላል። የወንበሩን አቧራ በእጁ ጠርጎ ያስቀምጣችኋል። ስልኩን አውጥቶ የሠራቸውን መኪኖች ፎቶ አንድ በአንድ ያሳያል። ዋጋ ስትጠይቁት "አንተ ብቻ እሺ በል፣ በዋጋ አንጣላም" ይላል። ያ ዓይነቱ ነው።

መኪናዬ በፈረንጆቹ 1993 የተሠራች ሃይሉክስ ናት። ደብል ጋቢና፣ 2.8 ናፍጣ፣ ፊትም ኋላም ባሌስትራ፣ ማለትም ጭነቱን የሚሸከሙ ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች። ከእነዋሪ ወደ ውስጥ ካሉት ቀበሌዎች ስንዴና ባቄላ እየጫንኩ ደብረ ብርሃን አደርሳለሁ፤ አልፎ አልፎም ወደ ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ። እንጀራዬ እሷ ናት። የሞረትና ጅሩን መረሬ የረገጠ ሰው ችግሬን ያውቀዋል። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚውጥ አፈር፣ ክረምት ሲሆን እንደ ሊጥ ጎማ ላይ ይጠመጠማል። አይሱዙ አንዴ ካለፈበት የጎማው መስመር ቦይ ይሆናል፣ መሐሉ ደግሞ እንደ አህያ ጀርባ ቀጥ ብሎ ይቀራል። የእኔ ዲፈረንሻል፣ ግራና ቀኝ ጎማውን በሚያገናኘው አክስል ላይ ዝቅ ብሎ ያለው እብጠት፣ እዚያ ላይ ቁጭ ይላል። አምና ነሐሴ ላይ ሁለት ሌሊት መኪናዋ ውስጥ አድሬ በበሬ ተጎትቼ ነው የወጣሁት።

እና ከፍ ላስደርጋት ወሰንኩ። መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ደዋውዬ ጠየቅሁ። አራት ባሌስትራ፣ አራት ሾክ (ንጠት የሚያበርደው)፣ ከነዩ ቦልቱ (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ቡሎን) እና ከነጎሚኒው 210,000 ብር አሉኝ። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ መለዋወጫ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። እዚህ ያለው ሰውዬ ግን 95,000 አለኝ፣ ከነእጅ ሥራው። "የአውስትራሊያ ዕቃ ነው፣ ሙሉ ኪት ነው፣ 5 ሳንቲ ያነሳልሃል፣ ከዚህ በኋላ ጭቃ የሚባል ነገር እርሳው" አለኝ። ዲፈረንሻሌ ጭቃው ላይ እንደሚያርፍ ነግሬዋለሁ። በእጄ እያሳየሁ ነው የነገርኩት። "ኪቱ ሲገባ ያ ሁሉ ያበቃል" አለ።

እሱ ራሱ ውሸት ነበር። ዲፈረንሻል ያለው አክስሉ ላይ ነው፤ አክስሉን ደግሞ የተሸከመው ጎማው ነው። ባሌስትራ ስትቀይር ከፍ የሚለው ሻንሲው፣ የመኪናዋ አጽም ማለት ነው፣ እና ከሱ በላይ ያለው አካል ነው እንጂ ዲፈረንሻሉ ከነበረበት ንቅንቅ አይልም። እሱን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው፣ ያውም በግማሽ፤ ዲያሜትሩ በ7 ሳንቲ የሚበልጥ ጎማ ብታስገባ ዲፈረንሻሉ በ3 ሳንቲ ተኩል ነው የሚነሳው። ይህን ሁሉ የተማርኩት ብሬን ከከፈልኩ በኋላ ነው። ዕቃው እውነተኛ ቢሆን ኖሮ እንኳ ለእኔ ችግር መድኃኒት አልነበረም፤ ሰውየውም ያውቀው ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወሰድኳት። ኪቱን አሳየኝ። በላስቲክ የተጠቀለሉ አራት ጥቁር ባሌስትራዎች፣ ግሪሱ ገና ያልደረቀ። አንዱን በሁለት እጄ አነሳሁት፤ ከበደኝ፣ ደስም አለኝ። 50,000 ብር ቀብድ ከፈልኩ። ደረሰኝ ስለው ቁራጭ ወረቀት ላይ "ሙሉ ኪት፣ ቀብድ 50 ሺ" ብሎ ጽፎ ሰጠኝ። ማኅተም የለው፣ ስም የለው። ከዚያ "አሮጌውን ባሌስትራ ምን ያደርግልሃል? ለብረት በ3,000 ብር እንያዝልህ፣ ከሒሳቡ ይቀነስ" አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ለሚስቴ ደውዬ 3,000 አስቀነስኩ ብዬ ነገርኳት። ይሄ እስካሁን ያቃጥለኛል።

"ውስጥ አትቁም፤ ብየዳ አለ፣ ዓይንህን ያምሃል። እዚያ ሻይ ቤት አረፍ በል፣ ሲያልቅ እንጠራሃለን" አሉኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ። ከተቀመጥኩበት ሆኜ በቆርቆሮው በር ሥር ሰማያዊ ብልጭታ ይታየኛል። ብልጭ ይላል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ብልጭ ይላል። ሻይ ጠጣሁ፣ ደገምኩ፣ ምሳዬን በላሁ፣ ብልጭታው አላቆመም። ሃያ ዓመት መኪና ነድቻለሁ። ባሌስትራ በቡሎን እንደሚታሰር ከማንም በላይ አውቃለሁ። ታዲያ ምኑ ነው የሚበየደው? ይቺ ጥያቄ አንዴ እንኳ አልመጣችልኝም። አስር እርምጃ ተራምጄ በሩን ብገፋው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ብሩ አይደለም። ይሄ ነው።

ወደ ማታ ጠሩኝ። መኪናዬ ከፍ ብላ፣ ሥሯ ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል። አራቱ ሾኮች ቢጫ ሆነዋል፤ ስቲከር አላቸው። ቀሪውን 42,000 ቆጥሬ ሰጠሁ። አመስግኜም ነው የወጣሁት።

ሐሙስ 8 ኩንታል ባቄላ ጫንኩና የእህቴን ልጅ ጋቢና አስገብቼ ወደ ሸዋ ሮቢት ተነሳሁ። ገና ጣርማ በር ሳልደርስ መሪው አስቸገረኝ። ጥምዝ ላይ አዙሬ ስለቀው ወደ ቦታው አይመለስም፤ ቀጥ ባለው ላይ ደግሞ ግራና ቀኝ ይቅበዘበዛል። አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲለማመድ ይስተካከላል አልኩ። የጣሊያኑን ዋሻ እንደወጣን ጉሙ ተቀበለን። ከዚያ በኋላ ያለውን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ። በሁለተኛ ማርሽ ይዤ፣ ፍሬን ስረግጥ መኪናዋ በአፍንጫዋ ትደፋለች፣ የኋላው ግን ምንም አይዝም። ፔዳሉ እየጠለቀ መጣ። ከፊት ጎማ የተቃጠለ ሽታ ገባ። ልጁ "አጎቴ፣ ይሄ የምን ሽታ ነው?" ሲለኝ አፌ ደርቆ መመለስ አቃተኝ። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ፣ የእጅ ፍሬኑን እየያዝኩ እየለቀቅሁ፣ እግዚአብሔር ነው ደብረ ሲና ያደረሰን።

ቆሎ ከሚሸጡት ልጆች አንዷ አንድ አሮጌ መካኒክ ጠቆመችኝ። ሽማግሌ ናቸው። ማዳበሪያ አንጥፈው ሥር ገቡ። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ "ልጄ፣ እስቲ አንተም ግባ" አሉኝ። ጎናቸው ተንጋለልኩ።

መጀመሪያ የኋላውን አሳዩኝ። በአክስሉና በባሌስትራው መካከል ቱቦላሬ ገብቷል። አዎ፣ የበርና የመስኮት ቱቦላሬ፤ ውስጡ ባዶ፣ በካሬ ተቆርጦ። አንዱ ጎን ገና በመጀመሪያው ጭነት ጎብጧል። ዩ ቦልቱ ስላጠረ ጫፉን በብየዳ ቀጥለውታል። 8 ኩንታል ባቄላና ሁለት ነፍስ የያዘው የተበየደ ቡሎን ነበር። የፍሬኑ ቱቦ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል፤ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ቢያገኘን ይበጠስ ነበር። ቀጥለው ከአክስሉ ወደ ሻንሲው የምትሄደውን ቀጭን ዘንግ በጣታቸው ነኳት። የኋላ ፍሬንን እንደ ጭነቱ የምትመጥነው እሷ ናት። ሻንሲው ከፍ ሲል እሷን አብሮ የሚያስተካክላት ከሌለ መኪናዋ ባዶ ናት ብላ ታስባለች፣ ለኋላ ጎማ የሚሄደውን ግፊት ትቀንሳለች። ቁልቁለቱን የወረድነው በፊት ፍሬን ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ፊት ለፊት ደግሞ ባሌስትራውን የሚያንጠለጥሉትን ሁለት ብረቶች አውጥተው ረዘም ባለ ጠፍጣፋ ብረት ተክተዋቸዋል። መሪው የማይመለሰው በሱ ነው፤ አክስሉን ወደ ፊት አዘንብሎታል።

"አዲሱ ባሌስትራስ?" አልኳቸው። እኔ አሁንም አዲስ ነው የምለው።

ካቻቢቴ አነሱና የኋላውን ቀኝ ባሌስትራ ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ጥቁሩ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ከሥሩ ዝገት። ትንሽ ወደ ጫፉ ሄደው ደግመው ፋቁ። ሁለተኛዋ ቅጠል ጫፍ ላይ ሦስት ነጥብ ብቅ አለች። በብረት ተመትታ የገባች፣ ጎን ለጎን ሦስት ነጥብ።

ያቺን ነጥብ አውቃታለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ባሌስትራዬን አስመትቼ ጉብጠቱን ያስመለስኩበት ሰው ከሌላ ሰው ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀል ብሎ ያደረገልኝ ምልክት ናት። እያየሁት ነው የመታት። ጣቴን ሰድጄ ዳበስኳት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በ3,000 ብር ለብረት የሸጥኩት የራሴ ባሌስትራ ነው። ቀለም ቀብተው መልሰው ገጠሙልኝ። በእጄ ያነሳሁት አዲሱ ያኔም ማሳያ ነበር፣ አሁንም እዚያው ላስቲኩ ውስጥ ቀጣዩን ሰው እየጠበቀ ነው። ሾኮቹም የእኔው ናቸው፤ ስቲከሩ ሲላጥ ከሥሩ ዘይት ያንጠባጥባል።

ሽማግሌው ምንም አላሉኝም። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወጡ። እኔ ግን ትንሽ እዚያው ተንጋልዬ ቆየሁ።

አርብ ጋራዡ ሄድኩ። ሰውየው ሰኞ ወንበር የጠረገልኝ እሱ አልመሰለም፤ ስልኩን እያየ ነው የሰማኝ። ሦስቱን ነጥብ ነገርኩት። ቱቦላሬውን አምጥቼ እግሩ ሥር አስቀመጥኩለት። ቀና ሳይል፣

"ከፍ አድርጉልኝ አልክ። ከፍ አላለም?" አለኝ።

"አዲስ ባሌስትራ ብለህ ነው የሸጥክልኝ!"

"ከፍ አላለም ወይ?"

ከዚያ አንዱን ልጅ ጠርቶ ሜትር አስመጣ። በቃ፣ መለኪያ ሜትር! ልጁ ሌላ ቆሞ የነበረ መኪና ላይ ሜትሩን ዘርግቶ "5 ሳንቲ ነበር የተባልከው፤ እኛ 6 ነው የሠራንልህ፣ አንዷ ምርቃት ናት" አለኝ። ሳቁ። አራት ወጣቶች፣ እጃቸው በግሪስ የተነከረ፣ የእኔን ልጅ የሚያክሉ፣ ሳቁብኝ። ከኋላ አንዱ "ባላገር" ሲል ሰምቻለሁ። እህል ጭኜ ጭቃ ለጭቃ የምውለው ሰውዬ በዚህ ቃል አልሰደብም። ያንገበገበኝ ሰው ገደል ሊገባ እንደነበር እየነገርኳቸው መሳቃቸው ነው። ጋቢና ውስጥ ልጅ ነበር።

ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ 813/2006፣ ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት ይላል። የእኔ ማስረጃ ግን ያቺ ቁራጭ ወረቀት ናት። አመልክት አሉኝ፣ አመልክቻለሁ። ቱቦላሬውንና የተቀጠለውን ዩ ቦልት በማዳበሪያ ጠቅልዬ ይዤዋለሁ።

ምክር ከተባለ፦ ገንዘብ ከሌላችሁ ያላችሁን ባሌስትራ በምታውቁት ሰው አስመቱ፣ አንድ ቅጠል ጨምሩበት፣ ዩ ቦልቱን ግን አዲስ ግዙ። ከማስፈታታችሁ በፊት አሮጌው ላይ ምልክት አድርጉ፤ የሚወጣውንም ለማንም አትሽጡ፣ ይዛችሁ ግቡ። ሥራው እስኪያልቅ ከመኪናችሁ ጎን አትነሱ።

አርብ ከጋራዡ ስወጣ በዚያው ሻይ ቤት በር አለፍኩ። እኔ የተቀመጥኩበት ቦታ አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው ተቀምጧል፤ ፊቱ ሻይ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ የመኪና ቁልፍ አለ። በቆርቆሮው በር ሥር ብልጭታው ይታያል። አጠገቡ ሄጄ "ወንድም ዓለም፣ ውስጥ ያለችው መኪና ያንተ ናት?" አልኩት።

"አዎ፣ ሃርድቶፕ ናት። ባሌስትራ እየቀየሩልኝ ነው።"

"ባሌስትራ በቡሎን ነው የሚታሰረው" አልኩት። "ታዲያ ምኑን ነው የሚበይዱት?"

ወደ በሩ አየ። ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሳ።