ከመኪና ግጭት በኋላ ለሚመጣ የአንገት ራስ ምታት፦ ክኒን ወይስ የአንገት ስፖርት?

መኪና ከኋላ ሲገጭ አንገት ይወናጨፋል። የላይኞቹ 3 የአንገት ነርቮች መልእክት የፊትን ስሜት ከሚያደርሰው ነርቭ ጋር አንጎል ግንድ አካባቢ አንድ ቦታ ስለሚገናኝ ሕመሙ ከማጅራት ተነስቶ እስከ ዓይን ይዘልቃል።

ክኒን ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥሩ ነው፤ ሕመሙን አስታግሶ እንቅልፍ እንዲወስድ ይረዳል፣ አንገትንም ለማንቀሳቀስ ያስችላል። ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ። አይቡፕሮፌንን ጨጓራ ያለበት ባይነካው ይሻላል። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ከተዋጠ ግን መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል።

ስፖርቱ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ለሰነበተ ሕመም ግን የምናስቀድመው እሱን ነው፣ ስብራት አለመኖሩ ከተረጋገጠ። በጀርባ ተኝቶ፣ ጭንቅላትን ሳያነሱ፣ «እሺ» እንደማለት አገጭን ቀስ አድርጎ ወደ ደረት ማዘንበል፣ 10 ሰከንድ መያዝ፣ 10 ጊዜ መድገም። ብዙ ሰው በኃይል ይጫናል፦ በአንገት ጎን ያለው ገመድ መሳይ ጡንቻ ከተገተረ ስፖርቱ ሊያሠራቸው የታሰቡት የአንገት ጥልቅ ጡንቻዎች ሥራቸውን ለእሱ ትተዋል፤ ኃይሉን በግማሽ ቀንሱ። (ወጌሻ ጋ ሄዶ አንገት ማስጠምዘዝ ከሁለቱም አይቆጠርም፤ የደም ሥር ሊቀደድ ይችላል።)

እጅ ከደነዘዘ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም ትውከት ከመጣ ሁለቱንም ትቶ ወደ ድንገተኛ ክፍል።