የትራውማ ፊልም ዘዴና የሰባት ቀን ደብተሩ፦ ጅማ ላይ ምን ያህል ይሠራል?

ሳይጠሩት የሚመጣን ክፉ ትዝታ በላብራቶሪ ላጥና ብሎ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው መሣሪያ የትራውማ (አእምሮን የሚያቆስል መከራ) ፊልም ዘዴ ነው። ጤነኛ ፈቃደኛ አሰቃቂ ትዕይንቶችን ያያል፤ ከዚያ ለሰባት ቀን የፊልሙ ምስል ሳያስበው ዓይኑ ላይ ድቅን ባለ ቁጥር ደብተር ላይ ይመዘግባል። የሚጠይቀው ዕቃ ትንሽ ነው፦ ላፕቶፕ፣ ጆሮ የሚሸፍን ማዳመጫ፣ ጨለም ያለ ጸጥተኛ ክፍልና ወረቀት። ተመራማሪው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ፊልሙ ነው፤ ጥናቱን የሚያቆመውም የሚጥለውም ግን ደብተሩ ነው።

ፊልሙ ላይ ብዙ አንቆይም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤሚሊ ሆልምስና ባልደረቦቿ ኦክስፎርድ ላይ ሠርተው በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የፊልሙ ርዝመት 12 ደቂቃ ነበር፤ ያ ይበቃል። ጅማ ላይ የሚጠብቀው ችግር ሌላ ነው። በቀላሉ የሚገኘው ተሳታፊ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ከዚያም ውስጥ የጤና ተማሪው ብዙ ነው። ኦፕሬሽን ክፍል ውሎ የሚገባን ልጅ ቀዶ ሕክምና ብታሳዩት ምንም ላይመስለው ይችላል። የመኪና አደጋ ትዕይንት የተሻለ ይይዛል፤ ነገር ግን በመንገድ አደጋ ወይም በግጭት ዘመድ ያጣ ተማሪ ሊኖር ስለሚችል የተሳታፊዎች ማጣሪያ መጠይቁ ይህን በግልጽ ይጠይቅ። ደም ሲያይ የሚወድቅ ሰው፣ የአእምሮ ሕክምና ላይ ያለ ሰው አይገባም። ፊልሙን ከኢንተርኔት አታጫውቱ፤ ላፕቶፑ ላይ ጫኑት፣ ባትሪውንም ሙሉ አድርጉ። መብራት ሄዶ መሃል ላይ የተቋረጠ ፊልም አይደገምም፤ ሁለተኛ ያየ ሰው ከሌሎቹ ጋር አይወዳደርም።

መመሪያው "ዓይንህን አትጨፍን፣ ፊትህን አታዙር፣ ቦታው ላይ ቆመህ እንደምታይ ሁን" የሚል ነው። ሐዘን፣ ፍርሃትና ቁጣ ከፊልሙ በፊትና በኋላ ከ0 እስከ 100 ይለኩ። እንደ ቡድን ለውጥ ካልታየ ፊልሙ አልያዘም ማለት ነው፤ የቀረውን ሳምንት መድከም ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ደብተሩ። ኤ4 ወረቀት ታጥፎ ኪስ የሚገባ ይሁን፤ ቦርሳ ውስጥ የቀረ ደብተር ማታ በግምት ይሞላል። እያንዳንዱ ቀን በአራት ሳጥን ይከፈል፦ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት። ሰዓት ብቻ ጻፉ ከተባለ ጉዱ ይፈላል፤ ስልኩን በፈረንጅ አቆጣጠር የሚያይ ተማሪ "8 ሰዓት" ሲል ጠዋት ይሁን ከምሳ በኋላ አይታወቅም። ቀኑም ከንጋቱ 12 ሰዓት እንደሚጀምር ደብተሩ ላይ ይጻፍ። በየሳጥኑ ምስል ነበር ወይስ ሐሳብ፣ የትኛው ትዕይንት፣ ምን ያህል ጎልቶ ታየ፣ ምን ያህል አስጨነቀ የሚሉት ይሞላሉ። ምንም ካልመጣ 0 ይጻፍ፤ ባዶ ሳጥንና 0 አንድ አይደሉም፤ ባዶው የተረሳም ሊሆን ይችላል። የትዕይንቱ ስም የሚጠየቀውም በከንቱ አይደለም፤ ምስሉ ከፊልሙ የመጣ ይሁን ከራሱ ከሰውየው ሕይወት የሚለየው በዚያ ነው።

ትልቁ ስህተት ሆን ብሎ ማስታወስን መቁጠር ነው። ጓደኛ ጠይቆት ፊልሙን የተረከ ሰው ትዝታ መጣበት አይባልም። ይህን በምሳሌ አስረዱ፤ ተሳታፊው በራሱ አፍ መልሶ እስኪያስረዳችሁ ድረስ አትልቀቁት። ደብተሩ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይዘጋጅ። እንቅልፍ፣ ጫትና ቡና በየቀኑ ይመዝገቡ። እዚህ ከተማ ጫት ቅሞ ያነጋ ሰው ብርቅ አይደለም፤ ከፊልሙ በኋላ ያለው ሌሊት ደግሞ አከራካሪ ነው። እንቅልፍ መከልከል ትዝታውን ቀነሰ ያለ ጥናት አለ፤ መተኛት ቀነሰው ያለም አለ።

ዘዴው ስሙን ያተረፈው በቴትሪስ፣ ከላይ የሚወርዱ ቅርጾችን እያዞሩ በሚገጥሙበት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። በ2009ኙ ጥናት ከፊልሙ 30 ደቂቃ በኋላ 10 ደቂቃ ቴትሪስ የተጫወቱት በሳምንቱ ያነሰ ትዝታ መዘገቡ፤ ፊልሙን ሲጠየቁ ግን ከሌሎቹ እኩል አስታወሱ። ማብራሪያው ምስል የሚያስተናግደው የአእምሮ ሥራ ቦታ ጠባብ ነው የሚል ነው፤ ቅርጽ ማዞር ቦታውን ሲይዘው ምስሉ አጥብቆ አይቀመጥም። ማንኛውም ጨዋታ ይሆናል ብላችሁ ግን አትሳሳቱ፤ እነ ሆልምስ በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሌላ ጥናት፣ በአንደኛው ሙከራ የአጠቃላይ ዕውቀት ጥያቄ የመለሱት ምንም ካልሠሩት ይልቅ ብዙ ትዝታ መዘገቡ። ይህን ልዩነት በገዛ እጅ መፈተን መቻሉ ለእኛ የዘዴው ትልቁ ውበት ነው።

ድክመቱም አይደበቅ። ፊልም ማየት እውነተኛ መከራ አይደለም፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የአእምሮ ሕመም መለያ መመሪያ የሆነው ዲኤስኤም-5ም በስክሪን ያዩትን፣ የሥራ ግዴታ ካልሆነ በቀር፣ ከትራውማ አይቆጥርም። ስለዚህ ትዝታ እንዴት እንደሚፈጠር ለማጥናት በሙሉ ልብ እንመርጠዋለን፤ "ሕክምና አገኘን" ለማለት ግን አይበቃም። የሥነ ምግባር ቦርድ ፈቃድ ሳይገኝ ፊልሙን አንድ ሰው እንኳ አይይ። ስሜቱ ሳይመለስ ማንም ከክፍሉ አይውጣ፤ ትዝታው ቢበረታ የሚሄድበት፣ ለምሳሌ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል፣ ቀድሞ ይነገረው።

ቁጥሩን ስትተነትኑ ብዙው ሰው 0 ወይም 2 ጽፎ፣ አንዱ 25 ሊጽፍ ይችላል። አማካይ ብቻ ይዛችሁ ቲ-ቴስት (የሁለት ቡድን አማካይ ማወዳደሪያ) ብትሠሩ ያ አንድ ሰው ውጤቱን ይጎትተዋል፤ ለቆጠራ የሚሆነውን ኔጌቲቭ ባይኖሚያል የተባለ የስታቲስቲክስ ሞዴል ተጠቀሙ፣ ማን ከትንተናው እንደሚወጣ የሚወስነውንም ደንብ መረጃውን ከማየታችሁ በፊት ጻፉት።