«አውቶማቲክ ነው» የተባለ ኤም3 ላይ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ያገለገለ ስፖርት መኪና ለመግዛት ገንዘብ ስታጠራቅሙ የከረማችሁ፣ በተለይ እዚህ ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ልጆች፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ዲለር ጋ አትሂዱ። ከ2002 እስከ 2006 ሞዴል የሆነ ቢኤምደብሊው ኤም3 «አውቶማቲክ» ተብሎ ማስታወቂያ ከወጣበት ማስታወቂያው ውሸት ነው። ሻጩ አውቆ ይሁን ሳያውቅ ሌላ ጉዳይ ነው። ኢ46 የሚባለው ይህ ኤም3 ግን ከፋብሪካ በአውቶማቲክ ካምቢዮ ወጥቶ አያውቅም። ምርጫው ሁለት ብቻ ነበር፤ ወይ ባለ 6 ማርሽ ማንዋል፣ ወይ ኤስኤምጂ።

ኤስኤምጂ የሚባለው ያው ማንዋሉ ካምቢዮ ነው። ሞተሩን ከካምቢዮው የሚለየውና የሚያገናኘው ፍሪሲዮን አለው፤ ፍሪሲዮኑም እንደማንኛውም ማንዋል መኪና ያልቃል። ልዩነቱ የግራ እግራችሁን ሥራ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚገፋ የሃይድሮሊክ ዘይት መሆኑ ነው። ፓምፑ ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱ ፍሪሲዮኑን ይለያል፣ ማርሽ ያስገባል፣ ፍሪሲዮኑን መልሶ ያገናኛል። ሦስተኛ ፔዳል የለም፤ ማርሹ ከመሪው ጀርባ ባሉት መቀየሪያዎች ይቀየራል፤ ከፈለጋችሁም ራሱ እየቀያየረ እንዲሄድ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ሻጮች «አውቶማቲክ» የሚሉት ይህንን ይዘው ነው። እውነተኛው አውቶማቲክ ግን በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል ክፍል ነው፤ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ኃይሉ የሚተላለፈው በዘይት ነው። ሲቆምና ሲነሳ ቢውል የሚፋቅ ፍሪሲዮን የለውም።

ልዩነቱ ገበያ ላይ አይታይም፤ የሚታየው ጠዋት መኪና ሲጨናነቅ 395 አውራ ጎዳና ላይ ነው።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት የ2004ቱን ገዛ። ሰሜን ቨርጂኒያ ካለ አንድ ዲለር ነው፤ ስሙን አልጠራም። የሸጠለት ሰው ያገራችን ልጅ ነው። «ወንድሜ፣ አውቶማቲክ ነው፤ ሲያምርህ ደግሞ በእጅህ ትቀይራለህ፤ ሁለቱንም ባንድ ዋጋ አገኘህ» አለው። ዋጋው ከማንዋሉ በብዙ ይቀንስ ነበር፤ ይህ ብቻውን ሊያስጠረጥር ይገባ ነበር፤ ግን የሚያምር መኪና ፊት ቆሞ መጠርጠር ለማንም ይከብዳል። ልጁ በየቀኑ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ዲሲ ይመላለስበት ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ዳሽቦርዱ ላይ የማርሽ ጥርስ ቅርጽ ያለው መብራት በርቶ ጠፋ። ደውሎ ሲጠይቅ «ሴንሰር ነው፤ አታስብ» ተባለ።

አንድ ማታ ነዳጅ ቀድቶ ሊያስነሳ ሲል መኪናው እምቢ አለ። ያቆመው ማርሽ እንዳስገባ ነው። ፓምፑ ግፊት አልሰጥ ሲል ፍሪሲዮኑ አልተለየም፤ ፍሪሲዮኑ ካልተለየ ሞተሩ አይነሳም፤ ማርሹም አይወጣም። የኋላ ጎማዎቹ ተይዘው ስለቀሩ ገፍቶ ከማደያው ማውጣት እንኳ አልተቻለም። ሊጎትት የመጣው ሰውዬ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር የሚያንሸራትት ፕላስቲክ ከትቶ፣ በሰንሰለት እየሳበ ነው የጫነው። ጋራዡ የሃይድሮሊክ ክፍሉን በሙሉ ለመቀየር ከ4,000 ዶላር በላይ ጠየቀ። ወደ ዲለሩ ሲመለስ ያሳዩት የራሱን ፊርማ ነው።

ስለዚህ ፊርማ ዘለግ አድርጌ ልናገር፤ ወገኖቻችን በብዛት የሚጎዱት እዚህ ላይ ነውና። በፌዴራል ሕግ መሠረት ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ዲለር መስኮቱ ላይ «ባየርስ ጋይድ» የሚባል ወረቀት መለጠፍ አለበት። ወረቀቱ ላይ «አዝ ኢዝ» የሚለው ሳጥን ምልክት ከተደረገበት፣ መኪናው ከግቢው ከወጣ በኋላ ለሚበላሸው ሁሉ ከፋዩ ገዢው ነው ማለት ነው። ሽያጩ በስፓኒሽ ከተካሄደ ወረቀቱም በስፓኒሽ እንዲሆን ሕጉ ያስገድዳል። ለአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር የለም። በአማርኛ ተጫውታችሁ፣ ተስማምታችሁ፣ ተመራርቃችሁ፣ በመጨረሻ የምትፈርሙት እንግሊዝኛውን ነው። ሻጩ በቃል የተናገረው ወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ ማስረጃ የላችሁም። «በ3 ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» የሚለውንም እርሱት። የ3 ቀኑ የፌዴራል ደንብ ዲለሩ ግቢ ሄዳችሁ የገዛችሁትን መኪና አይመለከትም።

ይህ ማለት ግን «አዝ ኢዝ» የሚል ሻጭ እንዳሻው መዋሸት ይችላል ማለት አይደለም። የቨርጂኒያ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ አንድ ዕቃ የሌለውን ነገር አለው ብሎ መሸጥን ይከለክላል። መኪናው የሌለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ አለው ብሎ መሸጥ ደግሞ ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። ስለዚህ ማስታወቂያውን ገና ስታዩት ስክሪንሾት አንሱት። መኪናው በተሸጠ ማግስት ማስታወቂያው ይጠፋል። ሻጩን በቴክስት «አውቶማቲክ ነው ወይስ ኤስኤምጂ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱን አስቀምጡት። የተታለላችሁ እንደሆነ ለቨርጂኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍልና ለሞተር ቪሂክል ዲለር ቦርድ አቤት ማለት ይቻላል፤ እነሱም መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ይህንኑ ማስረጃ ነው።

አሁን መኪናው ፊት ስትቆሙ የምታዩትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የማርሽ መቀየሪያውን እዩ። «ፒ» የሚል ፊደል ከሌለ የተለመደው አውቶማቲክ አይደለም። ኤስኤምጂ ፓርክ የለውም፤ የሚቆመው ማርሽ ውስጥ ሆኖ በእጅ ፍሬን ነው። ከዚያ መኪናው ከቆየበት ቀዝቅዞ ሳለ የሾፌሩን በር ክፈቱና ጸጥ ብላችሁ አዳምጡ። ፓምፑ ገና በሩ ሲከፈት ግፊት መሙላት ይጀምራል፤ የዝዝዝ ድምፅ ይሰማል፣ ሞልቶ ዝም ይላል። ዝም ብሎ እንደገና ቶሎ ቶሎ የሚነሳ ከሆነ ግፊቱ እያመለጠ ነው። ሻጩ መኪናውን አስነስቶ፣ አሙቆ ከጠበቃችሁ ይህን መስማት ስለማትችሉ በሌላ ቀን ቀዝቃዛውን ለማየት ተቀጣጠሩ።

ቀጥሎ ሜዳ ላይ አቁሙት፤ ወደፊት የሚሄድበት ማርሽ ላይ አድርጉና እግራችሁን ከፍሬን ላይ አንሡ። እውነተኛ አውቶማቲክ ራሱ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ኤስኤምጂ ነዳጅ ካልሰጣችሁት ንቅንቅ አይልም። ይህ የ10 ሰከንድ ፈተና ነው፤ ማንም ሻጭ ሊከለክላችሁ አይችልም። ከከለከላችሁም መልሱን አግኝታችኋል። ዳገት ላይ ደግሞ ፍሬን ሳይዝ ነዳጅ እየሰጠ መኪናውን ያስቆም የነበረ ሰው ከነዳው፣ ፍሪሲዮኑ ተቃጥሏል ብላችሁ ገምቱ። ፍሪሲዮኑ ምን ያህል እንደቀረው የሚያነብ የቢኤምደብሊው ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ፈልጉና ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አስመርምሩ። በነገራችን ላይ አንዳንድ ልዩ ጋራዦች ሙሉውን ክፍል ሳይቀይሩ የፓምፑን ሞተር ብቻ ይቀይራሉ፤ ዋጋው በጣም ይቀንሳል። ቀድሞ የገዛችሁ ካላችሁ ይህን ሳትጠይቁ ትልቁን ሂሳብ እንዳትከፍሉ።

ወጥመዱ ኤም3 ላይ ብቻ አይደለም። ባለ 10 ሲሊንደሩ ኤም5፣ ኢ60 የሚባለው፣ እዚህ አሜሪካ ወይ በኤስኤምጂ ወይ በማንዋል ነው የተሸጠው፤ እሱም አውቶማቲክ የለውም። ትንሿ ቶዮታ ኤምአር2 ስፓይደር ከ2002 እስከ 2005 ባለሁለት ፔዳል ሆና ስትመጣ ኤስኤምቲ ናት፤ ሐሳቡ ያው ነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የማሴራቲው ኩፔ ነው። ዋጋው ወርዶ ወርዶ ከካምሪ ጋር የሚተካከልበት ጊዜ ስላለ ልጆች ስሙን አይተው ይሮጣሉ። ካምቢዮኮርሳ የሚባለው ካምቢዮው ባለ አንድ ፍሪሲዮን ነው፤ ከተማ ውስጥ ሲቆምና ሲነሳ የዋለ ፍሪሲዮን በጣም ቶሎ ያልቃል፤ መለዋወጫው ደግሞ የጣሊያን ዋጋ ነው። ያንን መኪና ለዕለት ሥራ የሚገዛ ሰው ካለ በግሌ ለምኜ ባስቆመው ደስ ይለኛል።

ማንዋሉስ? ከ ኢ46 ኤም3 ማንዋሉን እመርጣለሁ፤ ይህን በግልጽ እናገራለሁ። ግን «ማንዋል ነው» የሚለውም ቃል ብቻውን አይበቃም። ካምቢዮው አንድ ዓይነት ስለሆነ ብዙ ሰው ኤስኤምጂውን ነቅሎ ወደ ማንዋል ቀይሮታል። ሥራው በደንብ ከተሠራና ሻጩ በግልጽ ከተናገረ ጥሩ መኪና ነው። ችግሩ እንደ ፋብሪካ ማንዋል በፋብሪካ ማንዋል ዋጋ ሲሸጥ ነው። ቪን የሚባለውን የመኪናውን መለያ ቁጥር ይዛችሁ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደነበረው የሚያሳየውን ዝርዝር አውጡ፤ እዚያ ላይ ኤስኤምጂ ካለ ዋጋው መቀነስ አለበት። በሙከራ ላይ የኋላ ማርሽ ስታስገቡ የኋላ መብራቱ መብራቱን፣ ክሩዝ ኮንትሮሉም ፍሪሲዮን ስትረግጡ መልቀቁን እዩ። በጥድፊያ የተቀየረ መኪና ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው እንዲህ ባሉ ትንንሽ ነገሮች ነው።

ፍሪሲዮኑን ለመፈተን በ4ኛ ማርሽ በዝግታ እየሄዳችሁ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ስጡት። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ መኪናው ካልፈጠነ እየሸራተተ ነው። 2ኛ ማርሽ ቀዝቃዛ ሳለ ሲገባ የሚፋጭ ከሆነ ማርሹ ሳይፋጭ እንዲገባ የሚያደርገው ሲንክሮ አልቋል። ኒሳን 350 ዜድ የምትፈልጉ ካላችሁ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማንዋል ካምቢዮ በዚህ ይታወቃል። ከ2007 ጀምሮ በመጣው ላይ ደግሞ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ክፍል ካምቢዮው ውስጥ ስለተቀመጠ፣ ሲያፈስ ካምቢዮው መውረድ አለበት። የ350 ዜድ ባለ 5 ማርሽ አውቶማቲክ ግን እውነተኛ አውቶማቲክ ነው። ሁለት ፔዳል ብቻ ለምትፈልጉ፣ በየቀኑም 495 ላይ ለምትቆሙ፣ እኔ የምመክረው እንዲህ ያለውን ነው።

ማዝዳ አርኤክስ8 ላይ ማታለያው በተቃራኒው ነው። አውቶማቲኩ እውነተኛ ነው፤ የሚዋሸው ስለ ጉልበቱ ነው። የ2004ቱ ማንዋል 238 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ሞተሩም በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር ይሄዳል። የዚያው ዓመት ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ግን 197 ብቻ ነው፤ የሚሽከረከረውም እስከ 7,500 ነው። ሞተሩ ራሱ የተለየ ነው። ማስታወቂያዎቹ ግን የማንዋሉን ቁጥር ገልብጠው ይለጥፉበታል። ማዝዳ ለእነዚህ ሞተሮች የሰጠው የ8 ዓመት ወይም የ100,000 ማይል የተራዘመ ዋስትናም አብቅቷል፤ «ዋስትና አለው» ካሏችሁ ከማን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ።

ስለ ማይሉ አንድ ነገር። 2010ና ከዚያ በፊት የሆነ ሞዴል ሲሸጥ ሻጩ የሄደበትን ማይል በሕግ ፊት እንዲያረጋግጥ አይገደድም፤ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ «ኤግዘምፕት» (ከግዴታው ነፃ) የሚል ታያላችሁ። እነዚህ መኪናዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም እዚያ ውስጥ ይወድቃሉ። ስለዚህ ዳሽቦርዱን ሳይሆን የጋራዥ ደረሰኞቹን እመኑ፤ በየደረሰኙ ላይ ቀኑና ማይሉ አለ። ደረሰኝ የሌለው ኤም3 ማንዋልም ይሁን ኤስኤምጂ አይገዛም። የኋላ አክስሉ የሚታሰርበት የወለል ላሜራ በሁለቱም ላይ ይሰነጠቃል፤ መኪናውን በሊፍት አስነስታችሁ ከሥር ሳታዩ አትፈርሙ።

«ሰልችቶኝ ብተወው አዲስ አበባ እልከዋለሁ» ያለኝም ሰው አለ። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ያ መውጫ ተዘግቷል።

አሁን አንዱን እያያችሁ ያላችሁ ካላችሁ ቀብዱን ያዝ አድርጉና የማርሽ መቀየሪያውን ፎቶ፣ የማስታወቂያውን ስክሪንሾትና የቪን ቁጥሩን በውስጥ ላኩልኝ። ከሥራ ስወጣ እያየሁ ለሁሉም እመልሳለሁ።