የካሪቢያን ደሴቶች የሆኑትን ግሬናዲንስን በሸራ ጀልባ ማየት ለምትፈልጉ፦ እኚህን ካፒቴን ያዙ

እግዜር ይስጥልን ካፒቴን! ሳላመሰግናቸው ብቀር ውስጤ አያርፍም።

ካሪቢያንን በሸራ ጀልባ መዞር የባለቤቴ የቆየ ምኞት ነው። መጀመሪያ በሌላ ደሴት በኩል ሞክረን ያየነውን አበሳ ለማንም አልመኝም። ሙሉ ክፍያውን አስቀድመው ተቀበሉን። ካፒቴን ተብሎ የመጣው ልጅ ዓይኑን ከስልኩ አይነቅልም። ሌሊት መልህቁ ለቀቀና ጀልባችን ተንሳፍፋ ሄዳ ከሌላ ጀልባ ጋር ተላተመች። ባለቤቴ የሕይወት ጃኬቷን ለብሳ ስትጸልይ አነጋችው። ቅሬታ ስናቀርብ "ባሕር ላይ ያጋጥማል" አሉን፤ አለቀ። ሜሪላንድ ላይ ደፋ ቀና ብለን ያጠራቀምነውን ገንዘብ ውሃ በላው።

ዘንድሮ ከሴንት ቪንሰንት ተነስተው በቤኪያና በሜይሮ ደሴቶች አድርገው ቶባጎ ኬይስ የተባሉት ትንንሽ ደሴቶች ድረስ ያደረሱን ካፒቴን ግን ሌላ ሰው ናቸው። የቤኪያ ተወላጅ ናቸው፤ ባሕሩን እንደ ደጃቸው ያውቁታል። ወደ ቤኪያ ስንሻገር ማዕበሉ ባለቤቴን አዞራት። ካፒቴኑ መሪውን አስያዟትና "ዓይንሽን ከዚያ ደሴት ላይ እንዳትነቅዪ" አሏት። ትንሽ ቆይቶ ተሻላት። የሸራውና የገመዱ ነገር አልገባኝም። ይህን ግን አየሁ፦ ማታ ማታ መልህቅ ከጣሉ በኋላ የመዋኛ መነጽር አጥልቀው ውሃው ውስጥ ይጠልቃሉ። አሸዋው ውስጥ በደንብ መቀበሩን በዓይናቸው ሳያዩ እራት አይቀርቡም። ባለቤቴ ለጥ ብላ ተኛች!

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ዓሣም ቅቤም እንደማትነካ ስነግራቸው ቤኪያ ላይ ፖርት ኤልዛቤት ገበያ ወርደው ብሬድፍሩት የሚባል፣ በስሎ እንደ ምግብ የሚበላ ትልቅ ፍሬ ገዝተው መጡ። ሙሉውን ከሰል ላይ አድርገው ቆዳው እስኪጠቁር አገላበጡት። ሲልጡት ውስጡ ነጭ ነው፣ እንፋሎቱ ያውዳል። ዛፉን ካፒቴን ብላይ የተባለ እንግሊዛዊ መርከበኛ እ.ኤ.አ. በ1793 ከታሂቲ ወደ ሴንት ቪንሰንት እንዳመጣው እያጫወቱን በዘይት ከተጠበሰ ፕላንቴን (በስሎ የሚበላ የሙዝ ዓይነት) ጋር አሰናዱላት። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ እሳቸውም ሳይቀምሱ ጠበቋት። የሰው አገር ሰው፣ የማያውቁትን ጾም አክብረው! ባለቤቴ እንባዋ መጣ።

በጁላይ 2024 ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ እዚያው አጠገብ ዩኒየን ደሴትን እንዳልነበረ አድርጓት ነበር። ስለዚህ ካፒቴኑ አትክልቱንም ፍራፍሬውንም ሆን ብለው ከዚያ ሰዎች ይገዛሉ። ገንዘባችሁ ለሚገባው ሰው ይደርሳል።

ከሰኔ እስከ ኅዳር የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ በዚያ ጊዜ አትሂዱ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። በተለይ ባሕር የምትፈሩ፣ እናት አባታችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ፣ እባካችሁ ሌላ ጋ ከመክፈላችሁ በፊት እሳቸውን አናግሯቸው።