ሁለት የቃላት መዝገብ ለማዛመድ የትኛው ሶፍትዌር ያዋጣል? ኦፕንሪፋይን፣ አግሪመንትሜከርላይት፣ ሎግማፕና ቮክቤንች ሲነጻጸሩ

ከአራት ኪሎና ከፒያሳ፣ ከሁለት ቤተ መጻሕፍት የመጡ ሁለት የርእስ ዝርዝሮች አንድ እንዲሆኑ ተሰጡኝ። አንዱ «ሥነ ጽሑፍ» ይላል፣ ሌላው «ስነ ጽሁፍ»። አማርኛ ለሚያነብ ሰው አንድ ናቸው። ሶፍትዌሩ ግን ከ1 የ0.67 የመመሳሰል ነጥብ ሰጣቸው። ትንሽ ወረድ ብዬ ሳይ «ሥነ ልቦና» እና «ሥነ ልሳን» የሚለውም ጥንድ ያንኑ 0.67 አግኝቷል። የማለፊያ ነጥቡን 0.8 ብናደርገው ትክክለኛው ጥንድ ይወድቃል፤ 0.6 ብናደርገው የሥነ ልቦና መጻሕፍት ሥነ ልሳን ውስጥ ይገባሉ።

ይህን ያነሳሁት ቤተ መጻሕፍት፣ የጤና መረጃ ክፍል፣ ማተሚያ ቤት ወይም የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ሆናችሁ «የትኛውን እንውሰድ?» ለምትሉ ነው። የሻጮች ማስታወቂያም ሆነ የምርምር ውድድር ውጤት ይህን ችግር አያሳያችሁም። በመስኩ የታወቀው ዓመታዊ የማዛመጃ ውድድር እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል። ከታወቁት ፈተናዎቹ አንዱ የአይጥን የአካል ክፍሎች (2,744 ጽንሰ ሐሳቦች) ከሰው (3,304) ጋር ማዛመድ ነው። የብዙ ቋንቋ ፈተናውም ዓረብኛና ቻይንኛን ይይዛል፤ አማርኛ ግን የለበትም። እዚያ አንደኛ የወጣ ሶፍትዌር እኛ ጋ አንደኛ ይወጣል ማለት አይደለም።

ምክንያቱ ፊደላችን ውስጥ ነው። ብዙ መሣሪያዎች ሁለት ቃላትን የሚያነጻጽሩት አንዱ ሌላውን እንዲሆን ስንት ፊደል መቀየር እንዳለበት በመቁጠር ነው። በላቲን ፊደል ስምንትና ዘጠኝ ሆሄ ያለው ቃል አንድ ቢጎድልበት ነጥቡ ብዙም አይወርድም። የኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን ባንድ ምልክት ስለሚይዝ ቃሉ አጭር ነው። «ፀሐይ» ሦስት ፊደል ናት፤ «ጸሀይ» ብሎ የጻፈ ሰው ከሦስቱ ሁለቱን ስለቀየረ 0.33 ያገኛል። «ሆስፒታል» «ሆስፒታሎች» ሲሆን «ል» ወደ «ሎ» ተለውጦ «ች» ይጨመራል፣ 0.67። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ እዚያ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፣ ዩኒኮድ ራሱ ያወጣው የማስተካከያ ሥርዓትም አንድ አያደርጋቸውም። ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ካላችሁማ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይቀየር፤ አለዚያ ሶፍትዌሩ የሚያነበው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ግን ከማንኛውም ግዢ በፊት መሠራት አለበት። የዝርዝሩን ቅጂ ውሰዱ፤ ቅጂው ላይ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ እያንዳንዱን ከነእርባታው መልሱ። ሀና ሃ፣ አና ኣም አንድ ይሁኑ። ሶፍትዌሩ የሚያዛምደው ይህን ቅጂ ነው። የተገኘው ጥንድ የሚመዘገበው በጽንሰ ሐሳቡ መለያ ስለሆነ ዋናው አጻጻፍ አይነካም፣ «ሥነ ጽሑፍ» በንጉሡ ሠ እንደተጻፈ ይኖራል። በስኮስ መስፈርት (የቃላት መዝገብ ኮምፒውተር እንዲያነበው ተደርጎ የሚጻፍበት፣ እ.ኤ.አ. 2009 የወጣ) ደግሞ ለተጠቃሚ የማይታይ፣ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል የመጠሪያ ቦታ አለ፤ የተለያዩትን አጻጻፎች እዚያ ማስቀመጥ ነው።

ኦፕንሪፋይን ወይስ አግሪመንትሜከርላይት

ዝርዝራችሁ ኤክሴል ላይ ከሆነ፣ አብዛኞቻችን ደግሞ እዚያ ነን፣ ኦፕንሪፋይን ውሰዱ። ነፃ ነው፤ በገዛ ኮምፒውተራችሁ ላይ ይነሣል፣ የሚታየው በብራውዘር ቢሆንም ኢንተርኔት አይፈልግም። ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራው አይቆምም። ከላይ ያልኩትን የፊደል ማስተካከያ እዚያው ውስጥ በጥቂት ትእዛዝ መሥራት ይቻላል፤ የሠራችሁትም እርምጃ በሙሉ ተመዝግቦ ስለሚቀመጥ በሚቀጥለው ወር አዲስ ዝርዝር ሲመጣ ያንኑ መድገም ነው። ዊኪዳታ ከተባለው ክፍት የኢንተርኔት መረጃ ቋት ጋር ማዛመድ ስትፈልጉ ግን ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ቋንቋውን አማርኛ ላይ ማድረግ እንዳይረሳ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በድምፅ የሚመሳሰሉ ቃላትን የሚሰበስቡት ዘዴዎቹ ለላቲን ፊደል የተሠሩ ናቸው፣ ለኛ አይረዱም።

አግሪመንትሜከርላይት ሌላ ነገር ነው። ዝርዝር ሳይሆን ኦንቶሎጂ ነው የሚቀበለው፣ ማለትም ጽንሰ ሐሳቦቹ ከነዝምድናቸው፦ ምን ከምን ሥር እንደሆነ፣ ምን ከምን ጋር አብሮ ሊሆን እንደማይችል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣ ጀምሮ በሕክምናው ዘርፍ ጠንካራ ስም አለው፣ ነፃም ነው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ጃቫ የተባለው ፕሮግራም መኖሩን ብቻ ይፈልጋል። የሚበልጥበት ቦታ ጥንዶቹን በመስኮት እያሳየ እንድታጸድቁ ወይም እንድትሰርዙ ማድረጉ ላይ ነው። የእውቀት ምንጮቹ እንግሊዝኛ ናቸው፤ ስለዚህ በአማርኛ መጠሪያ ብቻ ስታስገቡት ግማሽ ጉልበቱን አጥቶ ነው የሚሠራው። የእንግሊዝኛ መጠሪያ አብሮ ካለ እርሱንም ስጡት፣ ልዩነቱ ይታያችኋል።

ሁለቱን አንድ ላይ ብትጠቀሙ ደግሞ ይበልጥ ያዋጣል፦ ማጽዳቱን ኦፕንሪፋይን ላይ፣ ከዚያ ዝርዝሩን ወደ ኦንቶሎጂ ፋይል ቀይራችሁ ማዛመዱን አግሪመንትሜከርላይት ላይ። የገንዘብ ወጪ የለውም። ወጪው የሰው ቀን ነው።

ሎግማፕ መቼ?

መዝገባችሁ ትልቅ ሲሆንና ስሕተቱ ሰው የሚጎዳ ሲሆን። ሎግማፕ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረ ነው፤ ስኖመድን የመሰሉ ከ300,000 በላይ ጽንሰ ሐሳብ ያላቸው የሕክምና መዝገቦችን ለማዛመድ ታስቦ የተሠራ ነው። ጥንድ ካገኘ በኋላ ጥንዱ ቅራኔ ይፈጥር እንደሆነ ይመረምራል፣ ከፈጠረም የሚያጋጨውን ይጥላል። አግሪመንትሜከርላይትም ይህን ያደርጋል፣ ግን የሎግማፕ መሠረቱ እዚያ ላይ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በ«ቤተ ክርስቲያን» ነው። በአንዱ መዝገብ ቃሉ ከ«ሕንፃ» ሥር ነበር፣ በሌላው ከ«ተቋም» ሥር። መዝገቡ ሕንፃና ተቋም ፈጽሞ አንድ ሊሆኑ አይችሉም ይላል። ሁለቱን «ቤተ ክርስቲያን» አንድ ናቸው ብለን ብንመዘግብ ባንድ ጊዜ ሕንፃም ተቋምም የሆነ፣ ማለትም ምንም ነገር ሊሆንበት የማይችል ጽንሰ ሐሳብ ፈጠርን ማለት ነው። ሶፍትዌሩ ጥንዱን ጣለው። እኔ ተበላሸ ብዬ መልሼ ላስገባው ስል፣ ዕድሜያቸውን በካርድ ካታሎግ ያሳለፉ አንድ ጋሼ ስክሪኑን አይተው «ልጄ፣ ይኼኛው ግንቡ ነው፤ ያኛው ምእመኑ ነው። ተወው» አሉኝ። ትክክል ነበሩ። ቃሉ አንድ ቢሆንም ነገሩ ሁለት ነው፤ ጥንዱን «ተዛማጅ» ብለን መዘገብነው እንጂ «አንድ» አላልነውም።

ስለዚህ ሎግማፕን የምትወስዱ ከሆነ መዝገባችሁ ውስጥ እንዲህ ያሉ «አይገናኙም» የሚሉ ሕጎች መጻፋቸውን አረጋግጡ። ከሌሉ ቅራኔ የሚያገኝበት መንገድ የለውም፣ የሎግማፕን ዋና ጥቅም አጣችሁት ማለት ነው። ለተራ የርእስ ዝርዝር አልመክረውም።

ቮክቤንች ወይስ የሚከፈልበት?

ከሁለት ሰው በላይ ከሆናችሁ እስካሁን ያነሳኋቸው አይበቁም። ማን የትኛውን ጥንድ መቼ አጸደቀ የሚለው መያዝ አለበት። ቮክቤንች በሮም ቶር ቬርጋታ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ፣ በአውሮፓ ኅብረት የተደገፈ ነፃ መሣሪያ ነው፤ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት አግሮቮክ የተባለውን የብዙ ቋንቋ የእርሻ ቃላት መዝገቡን የሚያስተዳድረው በእርሱ ነው። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የሥራ ድርሻ ይሰጣል፣ የለውጥ ታሪክ ይይዛል፣ ሌላ ሶፍትዌር ያገኛቸውን ጥንዶች አስገብታችሁ አንድ በአንድ እንድትፈትሹ ያደርጋል። ጉዳቱ ሰርቨር ላይ የሚያቆምላችሁ ባለሙያ መፈለጉ ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት ትዕግሥት ይጠይቃል።

ፑልፓርቲና ቶፕብሬይድ የሚከፈልባቸው ናቸው። የተሻለ ገጽታ፣ ሥልጠናና ሲበላሽ የሚደወልለት ሰው አላቸው፤ ትልቅ ድርጅት ከሆናችሁ ይህ ዋጋ አለው። ነገር ግን ፈቃዱ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን ዘንድሮ በጀት የያዛችሁለት ዓመታዊ ክፍያ ለከርሞ ሌላ ቁጥር ሊሆን ይችላል። የማውቀው አንድ መሥሪያ ቤት ውድ የሆነ የቃላት መዝገብ ሶፍትዌር ገዝቶ «ሐኪም»ን ሲፈልግ «ሀኪም» ተብሎ የተመዘገበው እንደማይመጣ ያወቀው ከከፈለ በኋላ ነበር። በጣም አዘንኩ፤ የአምስት ደቂቃ ሙከራ ያድነው ነበር። ሻጩን በራሳችሁ 50 ቃላት እንዲያሳያችሁ ሳትጠይቁ አትፈርሙ፤ ከ50ዎቹ መካከል «ፀሐይ»፣ «ዓለም»፣ «ኃይል» እና «ሠራተኞች» ይኑሩበት።

ፕሮቴጄ ስለሚባለው ብዙ ጊዜ ስለምጠየቅ፦ የስታንፎርድ ነው፣ ነፃ ነው፣ ኦንቶሎጂ ለመጻፍ ጥሩ ነው። «አዋሕድ» የሚለው ትእዛዙ ግን ሁለቱን ፋይል አንድ ፋይል ከማድረግ ያለፈ አይሠራም፤ ሁለቱ «ሐኪም»ዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት፣ ለምሳሌ በርትማፕ፣ ተስፋ አላቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ብዙ ቋንቋ ያውቃል የሚባለው በርት የተባለ የቋንቋ ሞዴል (ከብዙ ጽሑፍ ቋንቋ የተማረ ፕሮግራም) ግን አማርኛን አልተማረም። ሌላው ሞዴል ኤክስኤልኤም-አር ተምሯል፣ ስለዚህ የምትሞክሩ ከሆነ በእርሱ ላይ ይሁን፣ ጥሩ የግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተርም ያስፈልጋችኋል።

እኔ ዛሬ ብጠየቅ፣ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ኦፕንሪፋይን፤ ለሦስትና አራት ሰው ቡድን ኦፕንሪፋይን፣ አግሪመንትሜከርላይትና ቮክቤንች አንድ ላይ፤ ለጤና መዝገብ ሎግማፕን ጨምሩበት እላለሁ። ለፈቃድ የታሰበ ገንዘብ ካለ ደግሞ ካታሎግ የሚያውቁ አንድ ጡረተኛ ለሦስት ወር በቀን ግማሽ ቀን ይቀጠሩበት። ጥንዶቹን እርሳቸው ይፈትሹ።