ጂጂን በስልክ ስፒከር አትስሟት

አንድ አልበም ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው ከመባሉ በፊት በምን እንደተሰማ ይጠየቅ። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ሙዚቃ የሚሰማው ባብዛኛው በስልክ፣ በትንሽ ብሉቱዝ ስፒከር፣ አለዚያም ባጃጅና ሚኒባስ ውስጥ ነው። አንዱ ላይ ነፍስ ያለው አልበም ሌላው ላይ በድን ይሆናል፤ ጥፋቱ ግን ለዘፋኙ ይተርፋል። ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞሩት ውስጥ ጥቂቶቹን በዚህ ዓይን እንያቸው። አብዛኞቹ አዲስ አይደሉም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በጂጂ እንጀምር፤ ብዙ የተበደለችው እሷ ናትና። እጅጋየሁ ሽባባው የቻግኒ ልጅ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ማርቆስ ሲኬድ እንጅባራ ላይ ታጥፈው የሚወርዱባት ቻግኒ። የአገሩን ዜማ በልጅነቷ ቤታቸው ውስጥ ከቄስ ተምራለች። ይህን የማያውቅ ሰው እንኳ የቃሉን መጨረሻ ቶሎ እንደማትለቀው፣ እየሰበረች እየሰበረች እንደምታወርደው ሲሰማ ድምጿ ከየት እንደመጣ አይጠፋውም። በስሟ የተሰየመውን አልበም በ2001 ፓልም ፒክቸርስ አወጣው። አዘጋጁ ቢል ላስዌል ነው፤ ሙያው ባስ ጊታር። ባስ ተጫዋች ያዘጋጀው ሙዚቃ ምሰሶው የሚተከለው ታች ነው፤ ይህም አልበም እንደዚያው ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ይመጣል። የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር ጣት ሳይጫነው ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ ማለትም 41 ሄርዝ ነው። የስልክ ስፒከር ከጥፍር ብዙም የማትበልጥ ስስ ሽፋን ስለሆነች ከ300 ሄርዝ በታች ያለውን የምታሰማው ጥቂቱን ብቻ ነው። ጆሮ ብልህ ስለሆነ ከላይ ከሚሰሙት ድምፆች ተነስቶ የጎደለውን ባስ ይገምታል። ስለዚህ ዜማው ይገባናል፣ ክብደቱ ግን የለም። ሰው «ጂጂ ድምጿ ያምራል፣ ሙዚቃው ግን ሳሳ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። የሳሳው ሙዚቃው አይደለም።

ለመሞከር ሁለት ደቂቃ ይበቃል። የመጀመሪያውን ዘፈን፣ «ጉድ ፈላ»ን፣ በስልኩ ስፒከር አንድ ደቂቃ ስሙ። ከዚያ በሽቦ ኤርፎን ከመጀመሪያው ድገሙት። ድምፁን እንዳትጨምሩ፤ ከፍ ያለ ድምፅ ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል ሙከራውን ያበላሸዋል። ከድምጿ በታች አዲስ ሰው የገባ ከመሰላችሁ፣ ያ ሰው ቀድሞም እዚያው ነበር። ምንም ለውጥ ካልሰማችሁ ደግሞ ኤርፎኑ ጆሮ ውስጥ በደንብ አልገባም ማለት ነው። የጎማው ጫፍ የጆሮውን ቀዳዳ ካልደፈነ መጀመሪያ የሚያመልጠው ባሱ ነው። ከማሸጊያው ውስጥ ያሉትን ትልቅና ትንሽ ጎማዎች ሰው ሳያያቸው ይጥላቸዋል፤ መድኃኒቱ እነሱ ናቸው።

ኤርፎን ለሁለት ተካፍሎ መስማት የተለመደ ነው። በዚህ አልበም ላይ ግን ያስቀጣል፤ መሣሪያዎቹ ግራና ቀኝ ተከፋፍለው ስለተቀመጡ ለአንዱ የተሰማው ለሌላው አይደርሰውም። የአንድሮይድ ስልክ ላለው፣ ሴቲንግ ውስጥ ተደራሽነት የሚለው ጋ ገብቶ «ሞኖ ኦዲዮ»ን ማብራት ነው፤ ሁሉም ድምፅ በሁለቱም በኩል ይመጣል።

አልበሙ ላይ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስ አሉበት። እነዚህን ስሞች አይቶ የጃዝ ብቸኛ ጨዋታ የሚጠብቅ ሰው ቅር ይለዋል፤ የመጡት ልጅቷን ሊያጅቡ ነው፣ ቦታቸውንም ያውቃሉ። «ዓባይ» እና «ዓድዋ» በሰፊው የታወቁት ናቸው። ለጎጃም ጆሮ ግን «ባለ ዋሽንቱ»ን ማስቀደም ይሻላል፤ እረኛው ከሸምበቆ የሚቆርጣትን ባለ አራት ቀዳዳ ዋሽንት የሚያውቅ ሰው ዘፈኑን ለመቀበል አማላጅ አያሻውም። ቅሬታም አለ። አንዳንዱ ቦታ ላይ ስቱዲዮው በጣም ልስልስ አድርጎታል፤ የአገር ቤቱ ሻካራነት ጠፍቷል። ያንን ለሚፈልግ በ2003 አቢሲኒያ ኢንፊኒት በሚል ስም ያወጣችው «ዛዮን ሩትስ» አለለት። ኤሌክትሪክ ያልበዛበት ስለሆነ በትንሽ ስፒከርም ብዙ አይጎዳም። ላስዌል በዚያው ዓመት የ2001ዱን ቅጂ እንደገና በትኖ የሠራው «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ግን ድምጿን እንደ ጭጋግ ብቅ ጥልቅ የሚያደርግ ነው። በስልክ መክፈት ባትሪ ማባከን ነው፤ በኤርፎን፣ ማታ፣ ተጋድሞ። የ2006ቱ «ጎልድ ኤንድ ዋክስ»፣ ማለትም ወርቅና ሰም፣ የቅኔው ዋሸራ ባለበት አገር ስሙ ብቻ ብዙ ያስጠብቃል። ጥሩ አልበም ነው፣ ግን የ2001ዱን አይተካም።

መዳፍ የሚሞላ ብሉቱዝ ስፒከር ከስልኩ በብዙ ይሻላል፤ እንደ ሥራው ጥራት ከ80 ወይም ከ100 ሄርዝ አካባቢ ጀምሮ ያሰማል። የሚቀመጥበት ቦታም ወሳኝ ነው። ጠረጴዛ መሀል ከሆነ ባሱ በየአቅጣጫው ይበተናል። የክፍሉ ጥግ ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ወደ ኋላ የሄደውን ወፍራም ድምፅ ግድግዳዎቹ መልሰው ወደ ክፍሉ ይልኩታል። ባሱ ከመጠን በላይ ካገሳ ከጥጉ ማራቅ ነው። ባዶ ብሎኬት ቤት ላይ ድምፁ እየተንጫጫ ካስቸገረ ከስፒከሩ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ መስቀል ቀጭኑን ማስተጋባት ይውጠዋል፤ ለባሱ ግን ጋቢ አይበቃውም። ስልክን ብርጭቆ ውስጥ መክተት የሚባለው ዘዴ ድምፅ ከፍ ያደርጋል እንጂ ባስ አይጨምርም። ጂጂን ጆንያ ውስጥ ሆና የምትዘፍን ያስመስላታል።

በስልክም፣ በባጃጅም፣ በተሰነጠቀ ስፒከርም ሳይሞት የሚተርፍ አልበም ከተፈለገ የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» ነው። በ1985 በካሴት ወጣ፤ በ2013 ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለው አሳታሚ መልሶ አሳተመው። የዋሊያስ ባንዱ ኪቦርዲስት አሜሪካ ቀርቶ ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን የሠራው ነው፤ አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን። የሚተርፍበት ምክንያት ቀላል ነው። አኮርዲዮኑ ዜማውን የሚጫወተው የሰው ድምፅ በሚገኝበት መሀለኛ ክልል ነው፤ የስልክ ስፒከር ደግሞ የተሠራው ለሰው ድምፅ ነው። የሚጎዳው የሙጉ ባስ ብቻ ይሆናል።

ቅኝት ለሚለማመድ ጀማሪ ከዚህ የሚሻል መማሪያ አይገኝም፤ ግጥም የለም፣ ዜማው ብቻውን ተራቁቶ ቆሟል። ትዝታን ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ብሎ በክራር ወይም በስልክ ፒያኖ መፈለግ፤ ሚ እና ላ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ካሉ ያዘነው ትዝታ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ። ክራር የሚቃኝ ሰው በጆሮው ትንሽ የሚያጠብቃት፣ ትንሽ የሚያላላት ነገር አለች። አኮርዲዮን ላይ ያቺ የለችም፤ የብረት ምላሱ ከፋብሪካ እንደተሞረደ ነው። ስለዚህ ክራራችሁን በዚህ አልበም ከቃኛችሁት ትክክል ይሆናል፣ ግን ትንሽ ይደርቃል። የከበሮ ማሽኑም ለአንድ ሙሉ አልበም ይሰለቻል፤ ሳይደበቅ መነገር አለበት። ቡና እየተቆላ እስከ ሁለተኛው ስኒ ድረስ ልክ ነው። የበለጠ የሞቀ ባንድ የሚፈልግ ወደ 1977ቱ «ቸ በለው» ይሂድ፤ «ሙዚቃዊ ስልት» ያለበት እሱ ላይ ነው።

የእማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩ «ሱቬኒርስ» ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይፈልጋል። እማሆይ በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፉ፤ አልበሙን በ2024 ሚሲሲፒ ሬከርድስ አወጣው። ዓለም የሚያውቃቸው በፒያኖ ብቻ ነው፤ እዚህ ግን በአማርኛ ይዘፍናሉ። የተቀዳው ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ፣ በቤት ውስጥ በካሴት ነው። ካሴቱ «ሽሽሽ» ይላል፤ ፒያኖው አንዳንዴ ይወላገዳል፤ በመስኮት የወፍ ድምፅ ይገባል። ይህን «ለማጽዳት» ትሬብሉን፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ፣ የሚቀንስ ሰው ወፏንም፣ የእማሆይን ትንፋሽም አብሮ ይጠርጋል። ኢኳላይዘሩን ዜሮ ላይ ተዉት።

ሁለተኛው ጥፋት ከሌላ ሙዚቃ ጋር ቀላቅሎ መጫን ነው። የዛሬ ዘፈን ድምፁ እስከ አፉ ተሞልቶ ነው የሚወጣው፤ ይህ ግን ዝቅ ያለ ነው። ከአንድ የሠርግ ዘፈን ቀጥሎ ሲመጣ ስፒከሩ የተበላሸ ይመስላል። ሰውየው ድምፁን ይጨምራል፣ ቀጣዩ ዘፈን ሲገባ ቤቱ ይናጋል። ለብቻው በራሱ ፎልደር ይቀመጥ። ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይሞከርም። የጎጃም ዝናብና የካሴቱ ሽሽታ አንድ ዓይነት ድምፅ ናቸው፤ ዝናቡ ያሸንፋል።

ለዐቢይ ጾም የዓለሙ አጋ የበገና አልበም አለ፤ የኢትዮፒክ ተከታታይ 11ኛው። በስልክ ስትሰሙት ንዝንዝታው ብቻ ይመጣል፤ ምክንያቱም ከክሩና ከድልድዩ መሀል የምትገባው ትንሽ ቆዳ፣ እንዝራ፣ የምታወጣው ድምፅ ቀጭን ነው፣ የአሥሩ ክሮች መሠረታዊ ድምፅ ግን ወፍራም ነው። ንብ ብቻ ከተሰማችሁ በገናውን ገና አልሰማችሁትም።

ቴዲ አፍሮ በ2017 ያወጣው «ኢትዮጵያ» ለሚኒባስ የተመቸ ነው፤ ሞልቶ የተቀዳ ስለሆነ የሞተር ድምፅ አይበግረውም። «ማር እስከ ጧፍ» የሐዲስ ዓለማየሁን ሰብለ ወንጌልና በዛብህ ስለሚያነሳ በጎጃም መንገድ ላይ ደጋግሞ ቢከፈት አይገርምም፤ ታሪኩ የዚሁ አገር ነው። የሚያበላሸው ሾፌሩ ነው። ባሱም ትሬብሉም እስከ ጥግ፣ መሀሉ ወደ ታች፤ ዘፋኙ ያለው መሀሉ ላይ ስለሆነ ግጥሙ ይዋጣል። ሁሉንም ዜሮ መልሱና ከ60 እስከ 80 ሄርዝ ያለውን ብቻ ሁለት ወይም ሦስት ዴሲቤል ጨምሩ፤ የመንገዱ ጉርምርምታ የሚበላው እሱን ነው። «ሎድነስ» የሚለው ቁልፍ ይጥፋ። በሩ ሲንቀጠቀጥ የሚሰማው ባስ ሳይሆን ላሜራ ነው።

አሁን ወደ ማስጫኑ። አብዛኛው ሰው እነዚህን የሚያገኘው ከሙዚቃ ቤት በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ነው፤ ጥራቱም የሚሞተው እዚያው ነው። የአንድ ሰዓት አልበም በ128 ኪሎቢት ኤምፒ3 58 ሜጋባይት ገደማ፣ በ320 ደግሞ 144 ገደማ ይመዝናል። አልበሙ በሙሉ 30 ሜጋባይት ከሆነ አትክፈሉበት። መጠኑ ትልቅ መሆኑ ግን ዋስትና አይደለም። ከዩቲዩብ ተቀድቶ ወደ 320 የተለወጠ ፋይል ይወፍራል እንጂ የጠፋው ድምፅ አይመለስለትም። ኮምፒውተር ያለው ስፔክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይክፈተው፤ ሥዕሉ 16 ሺህ ሄርዝ ላይ በቢላ እንደተቆረጠ ካበቃ 320 የሚለው ስም የውሸት ሊሆን ይችላል። ለካሴት ቅጂዎች ይህ ፈተና አይሠራም፤ ካሴቱ ራሱ ከዚያ በላይ ብዙ ድምፅ የለውም። ኮምፒውተር ከሌለ ጭብጨባውን ስሙ፤ ውኃ ውስጥ እንደሚያጨበጭቡ ከሆነ ተጨምቋል። የኃይሉንና የእማሆይን አልበሞች ባንድካምፕ ላይ ውጭ ያለ ዘመድ ገዝቶ በስጦታ መልክ በኢሜይል ሊልክ ይችላል፤ እዚያ ኤምፒ3 320ም፣ ምንም ድምፅ ያልተቀነሰለት ፍላክም ይሰጣል።

የፍላሹ ፎርማት ፋት32 ይሁን። ብዙ የመኪና ማጫወቻ ኤክስፋትና ኤንቲኤፍኤስ አያነብም፤ «ፍላሽ የለም» ይላል፣ ሰውም ፍላሹን ይጥላል። ርካሹ ማጫወቻ ዘፈኖቹን የሚያጫውተው በስማቸው ሳይሆን በተገለበጡበት ቅደም ተከተል ነው፤ ስለዚህ ስማቸውን 01፣ 02 ብላችሁ ጀምሩና አንድ በአንድ በተራ ገልብጡ። የፋይሉ ስም በአማርኛ ከሆነ ማጫወቻው አራት ማዕዘን ሳጥኖች ያሳያችኋል፤ ዘፈኑ ግን ይጫወታል። ሙዚቃ ጫኙ ገልብጦ እንደጨረሰ ኢጀክት ሳይል ፍላሹን ከነቀለው የመጨረሻው ፋይል ተቆርጦ ይቀራል፤ ከሱቁ ሳትወጡ የመጨረሻውን ዘፈን ከፍታችሁ ወደ ማብቂያው ሠላሳ ሰከንድ ግፉት።